የሁለተኛው መኝታ ክፍል ምንጣፍ

ደብዳቤው የደረሰኝ ቁልፉን ካስረከብኩ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ግራንድ ፕሬሪ በሚባል የአሜሪካ ከተማ ወደተከራየኋት ባለ አንድ መኝታ ቤት ገና መግባቴ ነበር። ከሥራ መልስ የሆቴል ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ፣ ከመኪና ማቆሚያው ጥግ ካሉት የፖስታ ሳጥኖች አጠገብ ቆሜ ቀደድኩት። የላከው ኧርቪንግ ከተማ ያለው የአሮጌው አፓርትመንቴ ቢሮ ነው። ለመያዣ ያስያዝኩት ገንዘብ እንደማይመለስልኝ፣ ጭራሽ በላዩ ላይ የምጨምረው እንዳለብኝ ያትታል። ከሥሩ ዝርዝር አለ። ምድጃው አልጸዳም ይላል። የገላ መታጠቢያው ገንዳ አልጸዳም ይላል። የመስኮቱ ብላይንድ አቧራ አለው ይላል። አራተኛው መስመር ግን ረዘም ያለ ነው፤ «ሁለተኛ መኝታ ክፍል፦ ምንጣፉ ላይ የማይለቅ የሽንት ሽታ። ሁለት ጊዜ ታጥቦ አልለቀቀም። ምንጣፉ ተቀይሯል።»

ሁለተኛው መኝታ ክፍል የእናቴ ነበር። ከሞተች ሦስት ወር ሊሞላት ነው።

እውነቱን ለመናገር እስከዚያች ቀን ድረስ ምንም አይሰማኝም ነበር። ጥርስ ሐኪም አደንዝዞ የሰደደው ሰው ከንፈሩን ሲነካ የሌላ ሰው ከንፈር የነካ ይመስለዋል፤ እንደዚያ ነበርኩ። በቀብሯ ቀን አላለቀስኩም፤ በልቅሶው አላለቀስኩም፤ በአርባዋም አላለቀስኩም። ሥራ ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ቤት ለቀቅኩ፣ ቤት ገባሁ። ሰው ሁሉ «እሷ ጠንካራ ናት» ይላል። ጥንካሬ አልነበረም። አራተኛውን መስመር ሁለቴ ሳነበው ግን ጆሮዬ ጋለ። በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማኝ ነገር ንዴት ነው።

በማን ላይ እንደጻፉት ስለማያውቁ ነው። እናቴ አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል ልብስ ቤት አንሶላ እያጠበች ነው እኔንና ወንድሜን ያሳደገችን። ለእሷ የሰው ዘር ሁለት ነው፤ ንጹሕና ሌላው። ስለ አንድ ሰው ተጠይቃ «ንጹሕ ሰው ነው» ካለች አለቀ፣ ሌላ ምስክር አይጠራም። ወንድሜ ወደ አሜሪካ ካመጣን በኋላ እኔ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ ሆቴል በክፍል አጽጂነት ተቀጠርኩ። ከሥራ ስገባ እጄን ተቀብላ ታሸትና «ዛሬ በረኪናውን አብዝተሻል» ትለኛለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

ከዚያ ግማሽ አካሏ ሰነፈ። ሁለት ዓመት ለሚሞላ ጊዜ በዚያ ክፍል ተኛች። ዳይፐሯን የምቀይርላት እኔ ነበርኩ። ስቀይርላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞርና ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች።

«ሸተትኩ?»

«ኧረ አልሸተትሽም፣ እማዬ።»

«ዋሾ» ትለኛለች፣ ፊቷን ሳትመልስ።

ልትሞት አንድ ቀን ሲቀራትም ጠይቃኛለች፤ እኔም እንደ ልማዴ መልሻለሁ። እንግዲህ ያን ሁሉ ጊዜ «አልሸተትሽም» ያልኳትን፣ ወረቀቱ «ሸትተሻል» ብሎ መለሰላት። ያበገነኝ ይኼ ነው።

ወንድሜ ታናሼ ነው። ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ሳክሲ የምትባል ከተማ ይኖራል፤ አሜሪካንን ከእኔ ብዙ ቀድሞ የለመደ ሰው ነው። ደወልኩና አነበብኩለት።

«ይሄ እኮ ኖርማል ነው» አለኝ። «ሙቭ አውት ስታደርጊ ሁሉንም ሰው ቻርጅ ያደርጋሉ። ሶ፣ አትናደጂ። ባላንሱን እኔ ፔይ አደርገዋለሁ።»

«ገንዘቡን አይደለም።»

«ታዲያ ምኑን ነው?»

«መስመሩን ያጥፉልኝ።»

ሳቀ። «የምን መስመር? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማሽም?»

«ወረቀቱ እነሱ ከሆኑ ሞኟ እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«ማለቴ... እንደሱ አላልኩም። ኦኬ፣ ኦኬ። ዲስፒዩት እናድርገው፣ እንከራከራቸው። ፎቶ አለሽ?»

ፎቶ አለሽ ወይ ይለኛል! እኔ በምሠራበት ሆቴል እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ ፎቶ ተነሥቶ ለአለቃ ይላካል፤ እጄ ለምዶበታል። አሮጌውን ቤት ስለቅ አራት ቀን ሙሉ አጽድቼዋለሁ። የምድጃውን ሳህኖች ነቅዬ ሌሊቱን በአሞኒያ ዘፍዝፌ አሳድሬያለሁ። የፍሪጁን ጎማ በጥርስ ብሩሽ ፈትጌያለሁ። የብላይንዱን ቅጠሎች አንድ በአንድ፣ ፊትና ጀርባቸውን፣ በእርጥብ ካልሲ ጠርጌያለሁ። ሁሉንም ፎቶ አንሥቻቸዋለሁ። የእናቴን ክፍል ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በልቅሶው ሰሞን፣ የእድሩ ሴቶች አጥበውልኛል። ስለዚህ ማን ምን ሊለኝ ነው ብዬ ነበር።

ወንድሜ ኢሜሉን በእንግሊዝኛ አሳምሮ ጻፈው። ምንጣፉ ስንገባም አሮጌ እንደነበር፣ በአገልግሎት ለሚያልቅ ነገር ተከራይ እንደማይጠየቅ፣ ሕጉንም ሁሉ ጠቀሰበት። በመጨረሻ እኔ ያልኩትን ጨመረ፤ «እህቴ አራተኛው መስመር ከመዝገቡ እንዲሰረዝ ትጠይቃለች።» የቢሮው ሰዎች መጥተሽ አነጋግሪን አሉኝ።

የሄድኩት በዕረፍት ቀኔ ነው። ያንን ቢሮ አውቀዋለሁ፤ ለሚገባ ተከራይ ጠረጴዛው ላይ ብስኩት አለ፣ ለወጣ ተከራይ ማንም ብላ አይለውም። ማናጀሯ በዕድሜ ከእኔ በብዙ የምታንስ፣ ጥፍሯን ያስረዘመች፣ ትሑት ሴት ናት። የእኔ እንግሊዝኛ የሆቴል እንግሊዝኛ ነው፤ ስለ ቆሻሻ ለመከራከር ግን ይበቃል።

ስልኬን ከፍቼ ምድጃውን አሳየኋት። አየችና ከኮምፒውተሯ ላይ ሰረዘችው። ገንዳውን አሳየኋት፤ ሰረዘችው። ብላይንዱን አሳየኋት፤ «ይህን ያህል የጸዳ ብላይንድ አይቼ አላውቅም» ብላ ሰረዘችው። ደስ አለኝ ማለት አልችልም፤ ብቻ ነገሩ በሥርዓቱ እየሄደ ነበር።

«ሁለተኛው መኝታ ክፍልስ?»

ስልኬ ላይ ወደ ፊት ገፋሁ። ወጥ ቤቱ አለ። ሳሎኑ አለ። የእኔ መኝታ ክፍል አለ፤ ቁም ሳጥኑ ሳይቀር ከውስጥ ተነሥቷል። የልብስ ማድረቂያው ማጣሪያ እንኳ አለ። ወደ ኋላ መለስኩት። እንደገና ወደ ፊት ገፋሁት። የእናቴ ክፍል የለም። አንድም ፎቶ የለም።

«እሱን ሌሎች ሰዎች ናቸው ያጠቡት» አልኳት። «ስድስት ሴቶች። ምስክር አመጣለሁ።»

«ምስክር ሳይሆን ፎቶ ቢሆን ይሻል ነበር» አለችኝ ቀስ ብላ። ለማንኛውም አለቃዋን እንደምታነጋግር ነገረችኝና ወጣሁ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በልቅሶው ጊዜ ሴቶቹን ይመሩ ለነበሩት ለእትዬ ደወልኩላቸው። ትልቅ ሴት ናቸው፤ እናቴ «ንጹሕ» ካለቻቸው ጥቂት ሰዎች አንዷ። ከሰላምታ በኋላ ነገሩን አስረዳኋቸው። ወረቀት ላይ መፈረም አያስፈልግዎትም፣ ብቻ ክፍሉን እንዳጠባችሁት ለሴትዮዋ በስልክ ይንገሩልኝ፣ ወንድሜ ያስተረጉማል አልኳቸው።

አውሮፕላን በላዬ እያለፈ ስለነበር መልሳቸው ያመለጠኝ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «የትኛውን ክፍል ነው የምትይው?»

«የእማዬን።»

«እኛ እኮ እሱ ክፍል አልገባንም።»

«በሦስተኛው ቀን! ‹ለክፍሉ አታስቢ፣ እኛ አለንልሽ› ብለውኛል እኮ።»

«ብያለሁ። አዎ፣ ብያለሁ። ግን በሩ ተዘግቶ አገኘነው። አንቺ ደግሞ ተቀመጪ ስትባይ እምቢ ብለሽ በረኪና ይዘሽ ከወዲያ ወዲህ ትያለሽ፤ ቤቱ ሁሉ በረኪና በረኪና ይሸት ነበር። የእናቷን ክፍል እሷው አጥባዋለች አልን።» ትንፋሻቸውን ሰማሁት። «ልጅ ለእናቷ ያጠበችውን ደግሞ ማጠብ ደስ አይልም፣ ልጄ። አልጸዳም ብሎ እንደ መናገር ነው። መጠየቁም ከበደን። የሟች በር ነዋ፣ እንዴት ብለን እናንኳኳው?»

«የውኃ ድምፅ ሰምቻለሁ» አልኩ። «ባልዲ ሰምቻለሁ።»

«ድስቶቹን ነው። የልቅሶው ድስት በወጥ ቤቱ ማጠቢያ አልገባ ብሎን፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ገንዳ ውስጥ አጠብናቸው። ወይ ልጄን! ምነው ያኔ አንድ ቃል በተናገርሽ።»

«እናንተም አልተናገራችሁም።»

«አልተናገርንም» አሉ። ከዚያ የሰው ጥፋት ሲገኝ የሚባለውን ሁሉ አሉኝ፤ ይቅርታ አድርጊልን፣ ሰይጣን ነው፣ ጸበል እንርጨው። ቤቱን ለቀቅኩ እኮ፣ እትዬ፣ የሚረጭበት የለም አልኳቸው።

ስልኩን ዘግቼ መሪውን እንደያዝኩ ቆየሁ። ስድስት ሴቶች በእኔ ተማምነው፣ እኔ በስድስት ሴቶች ተማምኜ፣ አንዳችን ሌላውን እንዳናስከፋ ክፍሉ እንዳለ ቀረ። በይሉኝታ። ቤት ሙሉ ሰው ነበረ፤ ሁሉም እጁ ውኃ ውስጥ ነበረ።

ግን እሳቸው ላይ ማላከክ አልችልም። እዚያው መኪናው ውስጥ አንድ በአንድ ትዝ ይለኝ ጀመር። የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች መጥተው አልጋዋን ሲያወጡ፣ ልብሷን በጥቁር ላስቲክ ሞልተው ወደ ወንድሜ ጋራዥ ሲወስዱ፣ እኔ ሳሎን ተቀምጬ ከእነሱ ጀርባ በሩ ሲዘጋ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ወር ያህል እዚያ ቤት ብቻዬን ኖሬያለሁ፤ ወደ መታጠቢያ ቤት ስሄድ በዚያ በር ነው የማልፈው፤ አይኔን ግድግዳው ላይ ያለው የመብራት ማብሪያ ላይ ተክዬ አልፍ ነበር። በአራቱ የጽዳት ቀናት ቫኪዩሙን እስከ በሩ ደጃፍ ድረስ እገፋውና እዚያ ላይ እመልሰዋለሁ። በመጨረሻው ቀን ከቢሮው ታብሌት የያዘ ሰውዬ ቤቱን ሊያይ መጣ። በየክፍሉ ተከትዬው እየገባሁ ሥራዬን አሳየሁት። የእሷን በር ሲከፍት ግን ወጥ ቤት ቀርቼ የጸዳውን ጠረጴዛ እንደገና ስጠርግ ነበር። «ጥሩ ነው» ብሎኝ ሄደ። እኔም ጥሩ ነው አልኩ።

ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው የሰው ክፍል ሳጸዳ። ሰው የተፋበትን፣ የሰከረበትን፣ ደም የነካውን አልጋ አጽድቼ አውቃለሁ፤ አንድም ቀን ቀፍፎኝ አያውቅም። የእናቴን ክፍል ሳላጸዳ ነው የወጣሁት። አለማጽዳቴን ደግሞ አላውቅም ነበር። የትኛው እንደሚብስ እስከዛሬ አልገባኝም።

ያን ቀንም አላለቀስኩም። መኪናውን አስነሥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለወንድሜ ነገርኩት፤ እሱ አለቀሰ፣ እኔ ስልኩን ይዤ ጠበቅኩት።

«ዲስፒዩቱን ድሮፕ እናድርገው፣ እንተወው?» አለኝ በመጨረሻ።

«እኔ እንጃ» አልኩት።

ከሳምንት በኋላ ማናጀሯ ደወለች፤ ጥሩ ዜና አለኝ፣ ነይ አለችኝ። ሄድኩ። ቀድማ ቆማ ተቀበለችኝ። አለቃዋ ኢሜላችንን አንብቧል። እናትሽን በማጣትሽ አዝነናል አለችኝ። ምንጣፉም አሮጌ ስለነበረ አራተኛውን መስመር ሙሉ በሙሉ እንሰርዘዋለን፣ መያዣሽም ተመላሽ ይሆናል አለች። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ። መስመሩ በሰማያዊ ተመርጦ ይታያል፤ አንድ ቁልፍ መንካት ብቻ ነው የቀራት። የፈለግኩትን ሁሉ አግኝቻለሁ ማለት ነው።

እንደገና አነበብኩት። የሽንት ሽታ። ሁለት ጊዜ ታጥቦ።

«ሁለት ጊዜ ያጠበው ማነው?» አልኳት።

ጥያቄው ግራ አጋባት። ፈለገችና አንድ ሌላ ገጽ ከፈተች። «ከውጭ የምናሠራት የጽዳት ሠራተኛ ናት። አንድ ጊዜ አጠበችው። ሲደርቅ ሽታው አለ። እኛ ይቀየር ብለን ነበር፤ እሷ ናት አንዴ ብቻ ልድገመው፣ ይለቃል ብላ በማግስቱ የተመለሰችው።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «አልለቀቀም።»

ያችን ሴት አላውቃትም፤ ስሟንም አልጠየቅኩም። ግን አውቃታለሁ። ይለቃል ብሎ መመለስን አውቀዋለሁ፤ የማንም ትእዛዝ አይደለም፣ እልህ ነው። በጉልበቷ ተንበርክካ፣ አፍንጫዋን ወደ ምንጣፉ አስጠግታ፣ የማን ክፍል እንደሆነ ሳታውቅ ሁለት ቀን የእናቴን ክፍል አጥባለች። እኔ ያላደረግኩትን፣ ስድስቱ ሴቶች ያላደረጉትን። ይህ እንደተደረገ የሚናገር ደግሞ በዓለም ላይ ያ መስመር ብቻ ነው።

«አትሰርዢው» አልኳት።

«ይቅርታ?»

«እንዳለ ይቀመጥ።»

«ግን እናንተ ናችሁ እኮ የጠየቃችሁት። የሚያስከፋ ነገር ስለሆነ...»

«ሸትቷል» አልኳት። «እናቴ ታማ ነበር። የታመመ ሰው ይሸታል።»

ይህን ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሁለት ዓመት «ሸተትኩ?» ብላ ስትጠይቀኝ አንድ ቀን «አዎ፣ እማዬ፤ አሁን አጥብሻለሁ» ብላት ምን ነበረበት? እሷ የምታውቀውን ነገር ብቻዋን እንድታውቅ አደረግኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው ያዞረችው ለዚህ ይሆናል። ቢሮው ውስጥ ቆሜ ይህን ሳስብ ደረቴ አካባቢ አንድ ነገር ነደለኝ፤ ሕመም ነበር፣ ሕመም በመሆኑም አልከፋኝም።

ጨርሼ ቂል አልሆንኩም ታዲያ። «ለምንጣፉ አልከፍልም» አልኳት። «ምንጣፉ ስንገባም ያለቀ ነበር። ለሁለቱ እጥበት ግን እከፍላለሁ።»

«ኦኬ፣ ከመያዣሽ ላይ እንቀንሰዋለን።»

«አይሆንም፤ በእጄ ነው የምከፍለው።»

ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ ሄጄ መኒ ኦርደር የሚሉትን የክፍያ ወረቀት አስቆርጬ ተመለስኩ። ወንድሜ መሐል ላይ ደወለ፤ ምን አሉሽ አለኝ፤ መስመሩን ሊያጠፉት ነበር፣ እኔ እምቢ አልኩ አልኩት። አብደሻል አለኝ። ከዚያ «ሞኝና ወረቀት» አለ፤ ግን ሳይስቅ ነው ያለው።

መኒ ኦርደሩ ላይ ከታች በስተግራ ክፍያው ለምን እንደሆነ የሚጻፍበት ባዶ መስመር አለ፤ ኪራይ ስንከፍል የአፓርትመንት ቁጥራችንን የምንጽፈው እዚያ ላይ ነው። ማናጀሯ እስክሪብቶዋን ሰጠችኝ። በአማርኛ፣ በደንብ አድርጌ፣ «የእማዬን ክፍል ላጠበችው» ብዬ ጻፍኩበት። ተቀብላ ፊደሉን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይሄ ምን ይላል?» አለችኝ።

«የአፓርትመንቱ ቁጥር ነው» አልኳት።